ባለጉዳዩ የማይናገርበት ድርሰት
(ስለ ፕሮጀክት ጽሑፎቻችን የቀረበ ሂስ)

ለሥነ ጽሑፍ በቆመ መጽሔት ውስጥ የፕሮጀክት ማመልከቻ ምን ይሠራል? የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። እኛም ተሰብስበን ተከራክረንበታል። የደረስንበት ነገር አጭር ነው፦ ዛሬ በግቢያችን ከግጥምም ሆነ ከአጭር ልብ ወለድ ይልቅ በብዛት የሚጻፈው፣ ሌሊት ተቀምጠው የሚያርሙት፣ ጓደኛ ለጓደኛ «እስቲ እየው» እያለ የሚያስነብበው ድርሰት እሱ ነው። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና ድርጅቶች የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምሕንድስናና የሒሳብ ተማሪውን ከባሕር ማዶ አማካሪ ጋር (ተማሪው «ሜንተር» የሚለው ማለት ነው) አገናኝተው ፕሮጀክት ያሠራሉ። ለመግባት መጻፍ ግድ ነው፤ ስለዚህ ይጻፋል። የተጻፈ ነገር ደግሞ ቅርጽ አለው፤ መቼት አለው፤ ገጸ ባሕርይ አለው። ታዲያ ከሂስ ማን ነፃ አወጣው?

ጓደኞቻችን ያዋሱንን ማመልከቻዎች ሰብስበን አንብበናል። የማንንም ስም አንጠራም፤ ደግሞም ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም። የብዙዎቹ መቼት ቆቦና የራያ ቆላ ነው። ከመካከላችን የቆቦ፣ የሮቢትና የጎብዬ ልጆች ስላሉ ንባቡ አንዳንዴ ወደ ሳቅ፣ አንዳንዴም ወደ ንዴት ወስዶናል።

መጀመሪያ ዓይናችንን የሳበው ግሡ ነው። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ኃላፊ ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ሁሉ ነገር ይደረጋል፤ ይተከላል፤ ይሠለጥናል፤ ይሻሻላል። ማን ነው የሚያደርገው? አይታወቅም፤ ተደራጊው ግሥ አድራጊውን ውጦታል። ቀጥሎ ገጸ ባሕርዩ አለ። አንድ ብቻ ነው፤ ስሙም «ተጠቃሚው» ነው። ተጠቃሚው ዕድሜ የለውም፤ በሬ የለውም፤ ጎረቤት የለውም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አፍ የለውም። ከገጽ አንድ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስለሱ የሚነገረው «ግንዛቤ ያንሰዋል» የሚል ነው። መቼቱም እንዲሁ ነው፦ «ድርቅ የሚያጠቃው ቆላ» ይባልና ያልፋል። የዞብል ተራራ በምሥራቅ እንደ ግድግዳ የቆመበት፣ በምዕራብ ከገደሉ ጎርፍ የሚወርድበት፣ በመካከሉ ማሽላው ሰው የሚውጥበት ያ ሜዳ የት ሄደ? ልብ ወለድ ጸሐፊ እንዲህ ቢጽፍልን «የምትጽፍበትን አገር ሂድና እየው» ብለን እንመልስለት ነበር።

ይኸ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ብዙ ባላስጨነቀን። ኃላፊ ጊዜ የሌለው ጽሑፍ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ካነበብናቸው አብዛኞቹ ስለ ውሃ ናቸው፦ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ፣ የአፈር እርጥበት የሚለካ መሣሪያ፣ በስልክ የሚታዘዝ የጠብታ መስኖ። ጥሩ። ግን የቆቦ ሜዳ የጠብታ መስኖ ሲያይ የመጀመሪያው ነው እንዴ? የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ እያወጣ በጠብታና በርጭት ማጠጣት ከጀመረ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከዚያ በኋላ ጠብታው ቀርቶ ገበሬው በቦይ ወደ ማጠጣት የተመለሰባቸው ማሳዎች አሉ። የጠብታ ቀዳዳ በአሸዋና በጨው ይደፈናል፤ መለዋወጫ ከሩቅ ይመጣል፤ ፓምፕ ጉልበት ይበላል፤ ጉልበትም ብር ነው። ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል? ማመልከቻዎቹ ግን ሜዳውን ትናንት የተፈጠረ አስመስለው ይጀምራሉ።

ስለ ጎርፍም ቢሆን ያው ነው። ጎቡ፣ ሆርማትና ጎሊና በክረምት ከምዕራቡ ገደል ሲወርዱ የቆላው ገበሬ በአፈር፣ በድንጋይና በቅርንጫፍ ጠልፎ ማሳው ላይ ያወጣቸዋል። እሱ ጋ ሳይዘንብ ደጋ በዘነበው ያርሳል። ለዚህም የራሱ ሕግ፣ የራሱ ተራና የራሱ ቃላት አሉት፤ ቆቦ ውስጥ ዋናው የጎርፍ ቦይ የሚጠራበት ስም «እናት» የሚል ቃል አለበት፤ ሌሎቹ ከሷ ይወለዳሉ። በራያ ሸለቆ ኋላ በሲሚንቶና በብረት በር ከተሠሩት የጎርፍ ጠለፋዎች ብዙዎቹ በደለል ተደፍነው የታሰበላቸውን ያህል አልሠሩም። ንድፋቸው ዓመቱን ሙሉ ለሚፈስ ንጹሕ ወንዝ የሚስማማ ስለነበረ ነው፤ ይኸ ጎርፍ ደግሞ ግማሹ አፈር ነው። ገበሬው የሚሠራው የአፈር ግድብ ጎርፍ ሲበረታ ይፈርሳል፤ መሐንዲሱ ይህን እንደ ድክመት ቆጠረው። መፍረሱ ግን ማሳውን ከመጠን ካለፈ ጎርፍ የሚያድን ነገር ነበር። «እናት» የምትለዋን ቃል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያዳምጣት ኖሮ ምናልባት ሌላ ንድፍ ይወጣ ነበር እንላለን።

ማመልከቻ ጸሐፊዎቻችን አርአያ የሚያደርጉት አንድ መጽሐፍ አለ፤ ስሙን እንኳ የማያውቁት ሳይቀሩ ይከተሉታል። የማላዊው ልጅ የዊልያም ካምክዋምባ ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከብራያን ሚለር ጋር የጻፈው፣ በ2019 ፊልም የሆነው። ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ አጥቶ ከክፍል ቀረ፤ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንድ የኃይል ምንጮች መጽሐፍ አገኘ፤ ከብስክሌት ቁራጭ፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከባሕር ዛፍ ግንድ የነፋስ ወፍጮ አቆመ፤ ዓለም ጉድ አለ። የኛ ጸሐፊዎች የሚቀዱት ይህችን የመጨረሻዋን ምዕራፍ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ግን ያውቃል፤ ነፋሱ ከመምጣቱ በፊት ረጅሙ ክፍል ረሃቡ ነው፤ በ2001ና በ2002 ቤተሰቡ ምን እንደበላ፣ ምን እንዳጣ፣ ማን እንደሞተ በዝርዝር ተጽፏል። ወፍጮው የሚያምረው ከዚያ ስለወጣ ነው። ደግሞም አማካሪዎቹና ረዳቶቹ የመጡት ወፍጮው ከዞረ በኋላ ነው። እኛ ጋ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ አማካሪ ይገኛል፤ ከዚያ ችግር ይፈለጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። የባሕር ማዶ አማካሪና የአገር ቤት ተማሪ አብረው ሲሠሩ ምን ጥሩ፣ ምን መጥፎ ሊወጣ እንደሚችል ለማየት ከወሎ ማሽላ የተሻለ ጽሑፍ አናውቅም። ጽሑፍ ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ማሽላውም የተጻፈ ነገር ነው፤ ስም አለው፤ ቁጥርም አለው።

በአሜሪካ ኢንዲያና የሚገኘው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ከተለመደው በቆሎ የበለጠ ላይሲን ያለው በቆሎ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ላይሲን ማለት ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ እህል ውስጥ ግን የሚያንስ የፕሮቲን ክፍል ነው። በዚያን ዘመን የዓለም ረሃብ የፕሮቲን እጥረት ነው የሚል እምነት ነግሦ ነበር። ስለዚህ «በማሽላስ እንዲህ ያለ ይገኝ ይሆን?» ተባለና ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ በሺ የሚቆጠር የማሽላ ዓይነት ተመረመረ። ሁለት ተገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። ሲንግና አክስቴል ይህንን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትሙ ማሽሎቹ አይ.ኤስ. 11167 እና አይ.ኤስ. 11758 ይባሉ ነበር።

የወሎ ገበሬ ግን እንዲህ ያሉትን ማሽሎች በቁጥር አያውቃቸውም። አንዱን «ወተት በጉንጬ» ይለዋል። ሌላው «ማር ጩቄ» ነው፤ ማር የሚያፈልቅ እንደማለት። እስቲ እነዚህን ሁለት ቃላት በዝግታ እናንብባቸው። «ወተት በጉንጬ» ውስጥ አፍ አለ፤ ጉንጭ አለ፤ እሸት ሲታኘክ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ አለ፤ በመጨረሻም «የኔ» የምትል ፊደል አለች። ስሙ መግለጫ ብቻ አይደለም፤ የሚናገር ሰው አለበት። ገበሬው ደግሞ ይህን ማሽላ ማሳውን ሙሉ አይዘራውም፤ ከሌላው ጋር አሰባጥሮ ጥቂት ጥቂት ይዘራል፤ በእሸቱ ጠብሶ ይበላዋል። የሌላውን ማሽላ አገዳ ጥንቅሽ እያለ እንደሚያኝክ ሁሉ ይኸም የጣዕም ማሽላ ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ዱቄታማ ነው፤ ምርቱ ያንሳል፤ ለዓመት ቀለብ አይሆንም። ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ቦታውን ሰጥቶታል፦ ጥቂት፣ ጣፋጭ፣ ለእሸት።

ሳይንቲስቶቹ ያንኑ ማሽላ የዓለም ቀለብ ሊያደርጉት ብዙ ዓመት ደከሙ። አልሆነም። ያገዳቸውም ገበሬው የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ፍሬው ለስላሳ፣ ምርቱ ዝቅተኛ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ዶናልድ ማክላረን የተባለ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የፕሮቲኑ ጥያቄ ራሱ ከመሠረቱ ስሕተት ነው ብሎ ጻፈ፤ የሚራበው ሰው የሚያጣው ምግቡን ራሱን ነው አለ።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልን። 1973 የወሎ ረሃብ ዓመት ነው። ራያና ቆቦ ክፉኛ ከተመቱት አውራጃዎች አንዱ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የረሃቡን ፎቶግራፍ ለሕዝብ ያጋለጡበት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የወሎ ማሽላ በአሜሪካ መጽሔት ላይ በቁጥር ታተመ፤ የወሎ ገበሬ ደግሞ በመንገድ ዳር ወደቀ። ሲንግንና አክስቴልን በዚህ አንወቅሳቸውም፤ ሥራቸው ንጹሕ ሳይንስ ነው፤ ረሃቡንም እነሱ አላመጡትም። የምንለው ጥያቄው ከየት እንደተነሣ ነው። ጥያቄው የተነሣው ከኢንዲያና በቆሎ ነው። ወሎ መልስ እንድትሰጥ ተጠራች እንጂ ምን ትጠይቂያለሽ አልተባለችም።

ይሁንና በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰው አማካይነት፣ ሌላ ነገር ተጀመረ። ሂሳችን ሚዛን እንዲኖረው ይህንንም እንናገር። ዶክተር ብርሃኔ ገብረኪዳን በዓለማያ ኮሌጅ የማሽላ አስተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን አክስቴል ማሽላ ሊሰበስብ ኢትዮጵያ ሲመጣ አንድ ተማሪያቸውን አስተዋወቁት። ተማሪው ገቢሳ ኤጀታ ነበር፤ የወሎንኮሚ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሩ ይሄድ የነበረ። አክስቴል ለመሰብሰቡ ሥራ አብሮት ወሰደው፤ በኋላም ፐርዱ ድረስ አስጠራው። ዶክትሬቱን በ1978 አገኘ፤ ሱዳን ሄዶ ሠራ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለመ። እነሆ፣ የባሕር ማዶ አማካሪነት ፍሬ ይሉሃል ይኸ ነው። ግን ልብ አድርጉ፤ በመካከል የቆመ አገር ቤት ያለ አስተማሪ ነበር፤ ብርሃኔ። ትውውቁ የተካሄደውም ማሽላ መሰብሰቢያው ሜዳ ላይ እንጂ በማመልከቻ ቅጽ ላይ አልነበረም።

ገቢሳን ያስሸለመው ዋናው ሥራ በአቀንጭራ ላይ የሠራው ነው። ይህንን ቃልም እናንብበው። ፈረንጅ ይህን አረም ከጠንቋይ ጋር አያይዞ ሰይሞታል፤ ፈርቶታል ማለት ነው። የኛ ገበሬ «አቀንጭራ» አለው፤ የሚያቀነጭር። ስሙ ምርመራ ነው። አረሙ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ይመጠዋል፤ ከጉዳቱ አብዛኛውን የሚያደርሰውም ገና ከመሬት ሳይወጣ ነው። ሐምራዊ አበባው ብቅ ሲል ማሽላው ቀንጭሮ አልቋል። ዘሩ ትቢያ ያህላል፤ አንዱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ያፈራል፤ አፈር ውስጥም ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው የማሽላው ሥር አንድ ዓይነት ኬሚካል ሲረጭ ነው፤ ያ ኬሚካል የጥሪ ድምፅ ማለት ነው። ገቢሳና የሥነ ኬሚካሉ ባለሙያ ላሪ በትለር ያደረጉት ይህንን ጥሪ ማዳመጥ ነበር። ጥሪው ደካማ የሆነ ማሽላ ፈለጉ፤ አረሙ ሳይነቃ ያልፋል። ዘዴው የጀመረው ገበሬው ከሚረግመው ነገር ነው፤ ጥያቄው የሱ ነበር።

ከፐርዱ ከመጡት መካከል ፒ 9401 እና ፒ 9403 በ1992 ዓ.ም. ገደማ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቀቁ። እዚህ ሲደርሱ ቁጥራቸውን አውልቀው ስም ለበሱ፦ ጎብዬና አብሽር። ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ከተማ ስም ነው። አብሽርን ደግሞ ለወሎዬ መተርጎም አያስፈልግም፤ ላዘነ ሰው የምንለው፣ ለታመመ የምንለው፣ ፈተና ለወደቀ ጓደኛችን የምንለው ነው። «ወተት በጉንጬ» ወደ ኢንዲያና ሲሄድ ቁጥር ሆነ፤ ከኢንዲያና የመጣው ቁጥር ቆላ ሲደርስ አብሽር ሆነ። ከነዚህ ሁለት ጉዞዎች የትኛው የተሻለ ትርጉም እንደሆነ የቋንቋ ተማሪዎቻችን ይፍረዱ።

ነገሩ እዚህ በደስታ አላበቃም፤ ባበቃ ደስ ባለን። ቶሎ የሚደርሱት የተሻሻሉ ማሽሎች አጫጭር ናቸው። እንደ ጅጉርቲና ደጋሌት ያሉት የአካባቢው ዘሮች ሚያዝያ ላይ ተዘርተው ብዙ ወር ይቆያሉ፤ በልጉ ከከዳ ይከስራሉ፤ ከደረሱ ግን አገዳቸው ረጅም ነው። አገዳ ለቆላ ሰው ትርፍ ነገር አይደለም፤ የከብት መኖ ነው፤ ማገዶ ነው፤ የቤት ግድግዳና የአጥር ሥራ ነው። ቀድሞ የሚደርስ ማሽላ ደግሞ የግሪሳ ወፍ ሁሉ ድግስ ይሆናል፤ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ቢውሉም ሌላው ማሳ ገና ባዶ ስለሆነ መንጋው እዚያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ገበሬው ፍሬውን እያመሰገነ ስለ አገዳው ይጠይቃል። ይኸ ሰው ግንዛቤ አንሶታል ይባላል? እሱ ማሽላውን ከነአገዳው ይመዝናል፤ ሪፖርቱ ፍሬውን ብቻ በኩንታል ይመዝናል። ማን ሙሉውን አነበበ?

ወደ ዛሬዎቹ ፕሮግራሞች እንመለስ። ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መግረፍ አንፈልግም። ጀላኒ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረው አዲስ ኮደር፣ ወይም በ2019 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውና ተማሪዎችን ለታላላቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፈተና የሚያዘጋጀው ኤ ቱ ኤስ ቪ፣ የሚሉትን ያደርጋሉ። አልጎሪዝም እናስተምራለን ይላሉ፤ ያስተምራሉ። ቆቦን አዳንን አይሉም። እኛ የተቸገርነው ከዚያኛው ዓይነት ጋር ነው፤ «የማኅበረሰብህን ችግር ፈልግና በስምንት ሳምንት ፍታ» ከሚለው። ቅጹ ችግርን በአንድ አንቀጽ፣ መፍትሔን በአንድ አንቀጽ፣ የተጠቃሚውን ብዛት በአንድ ቁጥር ይጠይቃል። የአርባ ዓመት ጎርፍ በየትኛው አንቀጽ ይገባል? አማካሪው መልካም ሰው ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት በስክሪን ይመጣል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ ያም አልነበረም፤ የቅጹ የማስገቢያ ቀን ግን ጦርነትም ጨለማም አያውቅም።

በ1957 ዓ.ም. ተጀምሮ በነበረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከትምህርቱ አንድ ዓመት ቀንሶ ገጠር ይኖር ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺ ገደማ ተማሪና አስተማሪ ዘምቷል። ያኛው ዘመንም ቢሆን መልሱን ከከተማ ይዞ ይሄድ ነበር ተብሎ ይታማል፤ ሐሜቱም ውሸት አይደለም። ቢያንስ ግን ያ ተማሪ አንድ ክረምት ሙሉ ጎርፉ ሲወርድ አይቷል። የዛሬው ፕሮጀክት ጸሐፊ ለአንድ ቀን መጠይቅ ይዞ ይወርድና ከመሸ ወደ ወልድያ ይመለሳል። ጎርፉ ደግሞ የሚመጣው ሌሊት ነው።

ምን ይደረግ? የሚሉን አሉ። ሐያሲ መድኃኒት አዛዥ አይደለም፤ ቢሆንም ስለ አጻጻፉ ያለንን እንላለን። ማመልከቻው ውስጥ ቢያንስ አንድ ገጽ በኃላፊ ጊዜ ይጻፍ፤ እዚያ ቦታ ላይ ከዚህ በፊት ማን ምን ሞከረ፣ ምን ቀረ፣ ለምን ቀረ። «ተጠቃሚው» የሚለው ቃል ይሰረዝና ሰውየው ይናገር፤ በሚናገርበት ቃል፤ ሲተረጎምም ቃሉ ከነድምፁ ይቀመጥ። የቆቦ ሰው «እናት» ካለ እንግሊዝኛው ውስጥም «እናት» ትኑር። አማካሪው ያልገባውን ይጠይቅ፤ አማካሪ ሲጠይቅ ነው ተማሪ አዋቂ የሚሆነው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ውድድር ያሸንፋል አንልም፤ ሊወድቅም ይችላል። ያኔ ለኛ አምጡት፤ በዚህ መጽሔት እናትመዋለን።

ከዚህ ሌላ አንድ ልመና አለን። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ቆላ የምትወርዱ ልጆች፣ በተለይ የሮቢትና የዋጃ ልጆች፣ አባትና አያቶቻችሁን የማሽላ ስም ጠይቁልን። ስሙን፣ ከነትርጉሙ፣ በየትኛው ወር እንደሚዘራ፣ አገዳው ለምን እንደሚሆን፣ ወፍ ይወደው እንደሆነና እንዳልሆነ። በወረቀት ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ስጡ፤ እርሳስም ይበቃል። በሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ባዶ ትተናል።